ገበቴው ለባለቤቱ ሲቀርብ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በቀደመው ልማድ ለእግር የሚሞቅ ውሃ የእንግዳ ድርሻ ነበር። ከሩቅ የመጣ ሰው መደብ ላይ አረፍ ሲል፣ ከእንጀራውም ከጠላውም አስቀድሞ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ፣ ማለትም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚሠራው ሰፊ የእንጨት ዕቃ፣ ይቀርብለትና ባቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ተረከዙና የጣቶቹ መካከል በየተራ እየታሸ ይታጠብ ነበር። እንግዳው በጨዋ ደንብ «ተው ልጄ፣ አይገባም» እያለ እግሩን ለመሰብሰብ ይሞክራል፤ አጣቢው ልጅም አልለቅም ብሎ ይቀጥላል፤ ሲጨርስ እግሩን ይስማል፤ «እደግ ተመንደግ» የሚለው ምርቃትም ይከተላል። ይህ ሥርዓት ጫማ በተስፋፋበትና መኪና የእግር መንገዱን ባሳጠረበት ዘመን እየሳሳ ቢሄድም ጨርሶ አልጠፋም፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ባሉበት ቤት አሁንም ይታያል።

ልማዱ ከነውበቱ አንድ ጉድለት አለበት፤ ውሃው የሚሞቀው ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው። ቀኑን ከሞፈርና ከቀንበር ጋር የዋለው አባወራም ሆነ ከምጣድ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ገበያ ስትመላለስ የዋለችው እመቤት ለራሳቸው እግር የሚሰጡት ጊዜ፣ በር ላይ ቆመው ቀዝቃዛ ውሃ ከጣሳ እያፈሰሱ አንዱን እግር በሌላው የሚያሹባት ቅጽበት ብቻ ናት፤ ቋንቋውም ልዩነቱን ያውቀዋልና የእንግዳው እግር «ይታጠባል»፣ የባለቤቱ ግን «ለቅለቅ ይደረጋል»። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ለእንግዳ የተጠበቀው ገበቴ ለባለቤቱም ሊቀርብ ይገባል የሚል ነው፤ ምክንያቱም ከምቾት ይጀምርና እስከ አካባቢው አፈር ድረስ ይወርዳል።

በከተማ ይኸው ተግባር በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት ከሆነ ቆይቷል። በማዕድን ምንጮቿ ከምትታወቅ የቤልጅየም ከተማ ስም ጋር የሚያያዘው «ስፓ»፣ እንዲሁም እግርንና እንክብካቤን ከሚያመለክቱ የላቲን ቃላት የተገኘው «ፔዲኪዩር» በየውበት ሳሎኑ ሰሌዳ ላይ በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ይነበባሉ። ስሙ ባዕድ በመሆኑ ነገሩም ባዕድ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት በማሠራታቸው መሆኑን ማስታወስ ይበቃዋል፤ ለፍል ውሃ ሲባል የተቆረቆረች ዋና ከተማ ያላት ሀገር ሙቅ ውሃ ሰውነትን እንደሚያሳርፍ ከሰሌዳ ላይ አትማርም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የእግር መታጠብ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። በጸሎተ ሐሙስ፣ ይኸውም ከትንሣኤ በፊት ባለው ሐሙስ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈውን በማሰብ «ሕፅበተ እግር» የተባለው ሥርዓት ይፈጸማል፤ ስሙ «ሐፀበ»፣ አጠበ፣ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ይህም ሆኖ በሥርዓቱም በእንግዳ አቀባበሉም አጣቢና ታጣቢ ሁለት ሰዎች ናቸው። ክብሩ ያለው ሌላውን ለማጠብ ዝቅ በማለት ላይ ስለሆነ፣ የራስን እግር በእርጋታ ማጠብ ስምም ሥርዓትም ሳያገኝ ቀርቷል፤ ምናልባት ብዙ ሰው ለራሱ ውሃ ማሞቅን እንደ ቅምጥልነት እየቆጠረ የሚያፍረው ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

ሙቅ ውሃ በእግር ላይ የሚሠራው ሥራ ግን በልምድም በምርምርም ይታወቃል። የእግር መዳፍና ጣቶች ከቆዳ ሥር በርካታ ጥቃቅን የደም ሥሮች ስላሏቸው፣ እግር ሲሞቅ እነዚህ ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደም ወደ ቆዳው ይቀርባል፤ በዚህም መንገድ የውስጥ አካል ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል። እንቅልፍ የሚመጣው ደግሞ የውስጥ አካል ሙቀት ቀስ እያለ ሲወርድ ነው። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ የእጅና የእግር መሞቅ ከእንቅልፍ ቶሎ መምጣት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የቀደሙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሌላ ሥራም ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ገላን ወይም እግርን ማሞቅ፣ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እንቅልፍን እንደሚያፋጥን ደምድሟል። ብርድ በሚበረታበት የጎጃም ደጋ፣ መንገደኛው እግሩን ታጥቦ እራቱን እንደበላ እንቅልፍ የሚጥለው በድካሙ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የራስን እግር በሙቅ ውሃ ለማጠብ የሚያስፈልገው ዕቃ በየቤቱ የሚገኝ ነው። ገበቴ የሌለው የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃዋል። ውሃው ከእግር በፊት በክርን ይለካል፤ ልጅ የምታጥብ እናት እንደምታደርገው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ያጠነከረው መዳፍና ተረከዝ ሙቀትን ዘግይተው ስለሚሰሙ ሊያታልሉ ይችላሉ። እግር 10 ወይም 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የተረከዙ ደረቅ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳ በበዛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቀስታ ይፈተጋል፤ በምላጭ መላጥ ግን ቁስልን መጋበዝ ነው። ከዚያ በተራ ሳሙና ይታጠባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ቀጣዩን ነው፤ በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ካልደረቀ፣ በተለይ በክረምት ጭቃ ውስጥ የዋለ ወይም አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ጫማ ታፍኖ የከረመ እግር ከሆነ፣ ነጥቶ ይላላጣል፣ ያሳክካል፣ ለፈንገስም ይመቻል። በመጨረሻ ቆዳው ገና ለስላሳ ሳለ ቅባት ይደረግለታል። ቅቤ የአባቶች ምርጫ ነው፤ የኑግ ዘይትም አገልግሏል፤ ቫዝሊን ግን ሳይሻግት ስለሚቆይና ዋጋውም ስለማይከብድ ዛሬ ከሁለቱ ይመረጣል።

ውሃው ውስጥ ስለሚጨመረው ነገር ብዙ ይባላል፤ አብዛኛው ግን ቢቀር የሚሻል ነው። ጥቂት ጨው ክፋት የለውም። ሎሚ በተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ ያቃጥላል። እግርን ያሞቃል በሚል በርበሬ መበጥበጥም ይሰማል፤ የቡሬ በርበሬ በሀገር የታወቀበት ሙያ ግን ወጥ ውስጥ ነውና እዚያው ቢቀር መልካም ነው። እንዶድም በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ አረፋው ልብስ ያነጣል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉበት ተክል ነው፤ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ለቆሰለ እግር አይታዘዝም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝና መቃጠሉን ላያውቅ ስለሚችል፣ እግሩን በውሃ ዘፍዝፎ ማቆየቱን ትቶ በለብታ ውሃ አጥቦ ማድረቅና በየዕለቱ ቁስል መኖር አለመኖሩን መመልከት ይገባዋል።

እስከዚህ ያለው ለማንኛውም ሀገር እግር ይሆናል። ምዕራብ ጎጃምን የሚለየው ቀይ አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፍረስ የተገኘው ይህ ሸክላማ አፈር በቆሎውን፣ ዳጉሳውንና በርበሬውን የሚያበቅለውን ያህል፣ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ዕዳ ነው፤ በውስጡ ያሉት ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ለዓመታት በእግር ቆዳ በኩል እየገቡ፣ ከአካል ውስጥ ፈሳሽን የሚሰበስቡትን የሊምፍ ሥሮች ያውካሉ፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጓጉላል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ ይህ ስም ግን ትንኝ የምታስተላልፈውን ሌላ በሽታም ስለሚጨምር፣ በትምህርቱ ዓለም ከአፈር የሚመጣው ለብቻው «ፖዶኮኒዮሲስ» ተብሏል፤ «እግር»ና «አቧራ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተጣመረ ስም ነው። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የበሽታውን ከአፈር ጋር መያያዝ ሲያጠና ዕድሜውን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃሙ ደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች መካከል ከመቶ 3.3 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ደምበጫ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም በደብረ ማርቆስ መንገድ ቅርብ ጎረቤት ናት።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና በአንዳንድ ቤተሰብ ደጋግሞ መታየቱ፣ ዛሬ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ቢታወቅም፣ በቀድሞ ሰዎች ዘንድ እንደ እርግማን እያስቆጠረው ታማሚው ከድግስ እንዲርቅ፣ ልጆቹም ትዳር እንዲከለከሉ ምክንያት ሆኗል። የእንግዳን እግር አጥቦ የሚስም ባህል ያበጠ እግር ሲያይ ፊቱን ማዞሩ ሊታዘቡት የሚገባ ነገር ነው።

የሕክምናው ዋና ክፍል ደግሞ ያው ገበቴ ነው። ታማሚው በየዕለቱ እግሩን በሳሙና ያጥባል፤ በጣም በቀጠነ በረኪና ወይም በሌላ ተሕዋስያን ገዳይ በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ ጥቂት ያቆየዋል፤ ያደርቀዋል፣ ቅባት ይቀባዋል፤ እንደ እብጠቱ መጠን በፋሻ ይጠቀልለዋል፣ ሲቀመጥ ከፍ አድርጎ ያሳርፈዋል፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ያደርጋል። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ይህን እንክብካቤ ወዲያው የጀመሩትን ቆይተው ከሚጀምሩት ጋር አነጻጽሯል፤ ታማሚውን ትኩሳትና ሕመም አስይዞ ከአልጋ የሚያውለው ድንገተኛ ግርሻ በመጀመሪያዎቹ ላይ በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ሲደርስ፣ በሌሎቹ ላይ 23.9 ጊዜ ደርሷል። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ሳሙና፣ ውሃ፣ ቅባትና ጫማ ለአንድ ገበሬ በዓመት ከአራት በላይ የሕመም ግርሻ ማስቀረታቸው ግን የእርሻንና የአጨዳን ወቅት ለሚያውቅ ሰው ትንሽ አይባልም። ጤነኛው ደግሞ ማታ ማታ ይህንኑ ቢያደርግና ጫማውን ካልተወ፣ አፈሩ ቆዳው ላይ የሚያድርበት ሌሊት አይኖርም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ውሃውን ማን ያመጣዋል? ቧንቧ ባልደረሰበት ቀበሌ መልሱ ሴቶችና ልጃገረዶች ነው። ይሁንና የእንግዳ እግር ማጠቡ ባህል ሲመሰገን፣ ውሃውን ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ፣ እንጨቱን ለቅማ፣ አሙቃ፣ አጥባ፣ ከዚያ ወደ ማጀት የተመለሰችው ሴት እግር የት እንደነበረ አይጠየቅም፤ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተሰነጠቀው ተረከዝ የእሷ ነበር። ገበቴው ለባለቤቱ ይቅረብ የሚለው ሐሳብ እሷን ለአንድ ተጨማሪ ሰው ውሃ እንድትሸከም የሚያደርግ ከሆነ ከመነሻው የተበላሸ ነው፤ ጀሪካኑን ወንዱም ሊሸከመው ይችላል፣ ተራውም ከእሷ ቢጀምር ያምርበታል።

ለውሃው ማነስም አንድ መላ ተገኝቷል። ለፖዶኮኒዮሲስ ታማሚዎች ይታዘዝ የነበረው የመዘፍዘፊያ ውሃ 6 ሊትር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሙከራ 1 ሊትር ውሃ ብቻ ወስዶ ከመቶ 2 እጅ ግሊሰሪን በመጨመር የቆዳውን ሁኔታ ከቀድሞው አሠራር በተሻለ ማሻሻል እንደሚቻል አሳይቷል። ግሊሰሪን በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ፣ እርጥበትን በቆዳ ላይ ይዞ የሚያቆይ ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ለ1 ሊትር የሚሆነው መጠን 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከ20 ሊትሩ ጀሪካን 19ኙ ለሊጡ፣ ለቡናውና ለጥጃዋ ይቀራል።