ቢጫ ዓይኗ ወፍ

ዛሬ ስለ አንዲት የደጋ ወፍ እናነባለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ወፏ ከድንቢጥ ትንሽ ትበልጣለች። ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ፣ ሆዷ አመድማ ነው። ዓይኗ ግን ቢጫ ነው። በዚህ ትለያለች። ጫጩቷ ዝንጉርጉር ስለሆነች ሌላ ወፍ ትመስላለች።

ጽድና ወይራ ያለበትን ደን ትወዳለች። በዓለም ላይ የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ አገር አሳሽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840 በጽሑፍ አስፍሯታል። የእኛ እረኛ ከእርሱ በፊት አይቷታል። አልጻፈውም እንጂ።

አበላሏን እንመልከት። ጥላ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አትቸኩልም። ከታች ጢንዚዛ ሲሄድ ካየች ዱብ ብላ ትለቅመዋለች፤ ተመልሳም ትወጣለች። ዝንብና የእሳት እራት ደግሞ በአየር ላይ ትቀልባለች። ገብስና ጤፍ ምግቧ አይደለም። ማሳ ላይ በመንጋ የሚወርደው ሌላ ወፍ ነው። ልጆች ግን «እህል በላች» እያሉ በወንጭፍ ያባርሯታል። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ አድርገናል። በሐሰት ነው የከሰስናት።

ትልቁ ችግሯ ግን ወንጭፍ አይደለም። የዛፍ ማለቅ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስን የተሳለመ ሰው ይህን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኑ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር የተሠራ ነው። በዙሪያው ጽድ ቆሟል። ከዚያ ወጥተን ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ግን ጽዱ ይቀርና ማሳና ባሕር ዛፍ ይመጣል። በሰሜኑ ደጋ ከአገር በቀል ደን የተረፈው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል። ለቤትም ለማገዶም ጠቅሞናል፤ ይህን አንክድም። ከሥሩ ግን ቁጥቋጦና ሣር እምብዛም አይበቅልም። ቁጥቋጦ ከሌለ ጢንዚዛውም፣ የእሳት እራቱም ያንሳል። ታዲያ ወፏ ምን ትብላ?

ይህን ስናወራ አንድ ጎረቤታችን፣ «ጣራዬን በምን ላቁም?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጣራውን በባሕር ዛፍ ያቁሙ። ሲተክሉት ከምንጭና ከማሳ ይራቅ፤ ውኃ ይስባልና። የድንበሩን ጽድና የወንዝ ዳሩን ወይራ ግን ይተዉልን። አንዴ ከተቆረጡ ጽድም ወይራም ቶሎ አይተኩም፤ ዛሬ የተተከለ ጽድ ለተካዩ ልጅ ነው የሚደርሰው።

በዚህ ሳምንት ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ከጽዱ ሥር ጥቂት ቁሙ። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ተመልከቱ። ቢጫ ዓይን ካያችሁ ቀኑንና ቦታውን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።