ማጉላትን ሳይሆን ብርሃንን እንግዛ

ከጎንደር በስተሰሜን በምትገኘው ትክል ድንጋይ፣ ጨረቃ በሌለችበት የበጋ ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው የትልልቅ ከተሞች መብራት የነጠቀንን ሀብት ያገኛል። በሚያዝያ፣ ተራራ ካልጋረደ፣ የሰሜን ኮከብን ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት ማየት ይቻላል። ለዚህ ሰማይ የሚመጥን የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ የቱ ነው?

ብዙ ገዥ የሚጠይቀው “ስንት ጊዜ ያጎላል?” ብሎ ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለው አነስተኛ መሣሪያ ካርቶን ላይ “525 ጊዜ” ብለው ይጽፋሉ። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የሌንስ ስፋት ጠቃሚው ማጉላት ከ2 ጊዜ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ወሰን 120 ነው። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ ይደበዝዛል፣ ይፈዝዛል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው 20 ጊዜ ያህል ብቻ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር።

ወሳኙ የሚሰበሰበው ብርሃን ነው። 150 ሚሊ ሜትር መስታወት ከ60 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 6 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። የሳተርንን ቀለበት በግልጽ ያሳያል። በሳንፍራንሲስኮ ይኖር የነበረው ጆን ዶብሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው ቀላል የእንጨት መቆሚያም ዋጋውን ይቀንሳል፤ መስታወቱ ከውጭ ቢመጣም መቆሚያውን የጎንደር አናጢ ሊሠራው ይችላል። የሚንቀጠቀጥ ቀጭን መቆሚያ ግን የተሻለውን ሌንስ እንኳ ዋጋ ያሳጣል።

እርግጥ ነው፣ ትልቁ መሣሪያ ለመሸከም አይመችም፤ ዋጋውም ለአንድ ቤተሰብ ሊከብድ ይችላል። ለዚህም ነው በየቤቱ ደካማ መሣሪያ ከሚገዛ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የሳይንስ ክበቡ አንድ ጥሩ መሣሪያ በጋራ ቢገዛ ይሻላል የምለው። በክረምት መስታወቱ ከእርጥበት ይጠበቅ። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ሳይገጠም ደግሞ ማንም ወደ ፀሐይ አያነጣጥር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ እንደታየው ያለ የቀለበት ግርዶሽ ሲመጣ እንኳ በባዶው የተመለከተ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።

በመጀመሪያው ሌሊት ብዥታ ብቻ ያየ ተማሪ ዳግመኛ ላይመለስ ይችላል። የሳተርንን ቀለበት በገዛ ዓይኑ ያየ ግን በማግሥቱ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ገንዘባችንን ልናውል የሚገባን ለዚያ ጥያቄ ነው።