መንገድ አዋቂውን ከበጀቱ አትሰርዙት



ጀመዓችን በሴሚስተሩ እረፍት፣ ረመዷን ከመግባቱ በፊት፣ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመጓዝ ማሰቡን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ባለፈው ሳምንት ጉደር ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ በተደረገው ውይይት ኮሚቴው ያዘጋጀውን የወጪ ዝርዝር ተመልክተናል። የመኪና ኪራይ አለ፣ ምግብ አለ፣ የፓርክ መግቢያ አለ፣ ባነርም አለ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የነበረው "የአካባቢ አስጎብኚ" የሚለው መስመር ግን በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የለም። ባነሩ ተርፎ ሰውየው ተሰረዘ። እኛ ከአምቦ እየተመላለስን የምንሰበሰብ የምህንድስና ልጆች ይህን የምንጽፈው ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

የኮሚቴውን ልፋት አናቃልልም። ፈተና እየተፈተኑ ነው ለባለመኪናዎች ሲደውሉ የከረሙት፤ አላህ ይቀበላቸው። ቦታውንም በደንብ መርጠዋል። ባሌ ተራሮች በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ፓርክ ሆኖ የተከለለ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ ነው። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአንድ ፓርክ ውስጥ ከሀረና ጥቅጥቅ ደን ተነስቶ እስከ ሰነቴ አምባ ቅዝቃዜ፣ ከዚያም እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ድረስ ይወጣል። ከዚህ የሚሻል ቦታ እኛም አናቀርብም።

አስጎብኚው የተሰረዘባቸው ምክንያቶች ሦስት እንደሆኑ ተነግሮናል። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው "የባሌ ልጆች እያሉን ምን አስጎብኚ ያስፈልገናል?" የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ መንገዱ ነው፤ ከጎባ ተነስቶ ሰነቴን የሚያቋርጠው መንገድ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና ስለሚያስወጣ፣ ጠዋት ወጥተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ከሰዓት መውረድ እንችላለን ተብሏል።

ከሁለተኛው እንጀምር፤ በውይይቱ ላይ ብዙ ጭብጨባ ያገኘው እሱ ነውና። ከሮቤና ከጎባ የመጡ ወንድሞቻችንን እንወዳቸዋለን፤ በእንግዳ አቀባበል የሚያክላቸው የለም። ነገር ግን ከተማ ያደገ ልጅ የሚያውቀው የከተማውን ገበያና መስጂድ ነው። ጭጋግ ሲወርድ የወይብ ሸለቆ የቱ ጋ እንደሚሻገሩት ለማወቅ እዚያው ከብት ጠብቆ ማደግ ይጠይቃል። በራሳችን እንፍረድ። ጉደር ሲባል ሌላ ቦታ ያለ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው (እኛ ደግሞ በዚህ ስም ቤተሰብ ፊት ስንቴ አፍረናል)። እዚህ የሚኖር ሰው ግን ወንዙን ያውቃል፣ ፏፏቴውን ያውቃል፣ ክረምት ላይ የቱ ጋ መቆም እንደሌለበትም ያውቃል። ከመካከላችን ሦስትና አራት ዓመት ጉደርን ስንመላለስባት የኖርን እንኳ አንድ እንግዳ ከፏፏቴው በታች ያለውን መውረጃ ቢጠይቀን የሰፈሩን ልጅ ጠርተን ነው የምናሳየው። ባሌም ላይ እንዲሁ ነው። የሮቤ ወንድማችን አስተርጓሚም አስተናባሪም ይሁንልን፤ መንገድ አዋቂው ግን ሌላ ሰው ነው።

መድረሳ የተማርን ሁሉ የሂጅራን ታሪክ ሰምተናል። ብዙ ጊዜ የሚተረክልን የሰውር ዋሻ ነው። ዝግጅቱን ግን ቆም ብለን አናየውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) ከመውጣታቸው በፊት ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ የተባለ መንገድ አዋቂ በክፍያ ቀጥረዋል። ሰውየው በወቅቱ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ ነበር። የተመረጠው መንገድ አዋቂና ታማኝ በመሆኑ ነው። ሁለቱን ግመሎች አስረክበውት ከሦስት ሌሊት በኋላ ዋሻው ጋ እንዲመጣ ተቀጣጠሩ፤ መጣም፣ ሰው ከለመደው መንገድ አውጥቶ በባሕሩ ዳርቻ በኩል ወሰዳቸው። ስንቁን ያዘጋጀችው አስማእ ነበረች፤ ወሬ የሚያመጣው የአቡበክር ልጅ ዐብደላህ፤ በጎቹን የሚነዳው ዓሚር ኢብን ፉሀይራ። እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት ነበረው። አቡበክር ነጋዴ ነበር፤ ነጋዴ ሆኖ መንገድ የማያውቅ አልነበረም። ቢሆንም መንገድ አዋቂ ተቀጠረ። ተወኩል ማለት ዝግጅትን መተው እንዳልሆነ በኹጥባ ስንሰማ አንገታችንን እንነቀንቃለን፤ ወጪ ሲቀነስ ግን ቀድመን የምንሰርዘው ዝግጅቱን ነው።

ወደ ሦስተኛው ምክንያት እንምጣ፤ እዚህ ላይ የምህንድስና ትምህርታችን ትንሽ ይጠቅመናል። አምቦና ጉደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ናቸው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ከጉደር ጋር ስናነጻጽረው ሩብ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ይለምዳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚከተሉት የታወቀ ልማድ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚያድሩበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። በኮሚቴው ዕቅድ ግን ከአውቶቡስ በወረድን ማግስት ቱሉ ዲምቱ ላይ እንቆማለን። መኪና እግርን ያሳርፋል እንጂ ሳንባን አያለማምድም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው፤ ግራ የተጋባ ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተው ሰው ካለ ደግሞ ወዲያው ማውረድ ነው። ይህንን ለይቶ "ይኼ ልጅ አሁን ይውረድ" ብሎ የሚያዝ ማን ነው? የጀመዓችን አሚር? እሱም እንደኛው ራሱን ይዞ ተቀምጦ ይሆናል። አስጎብኚው ግን እዚያው አየር ላይ ያደገ፣ ስንቱን እንግዳ ደግፎ ያወረደ ሰው ነው።

ደግሞስ ፎቶ ብቻ ከሆነ የፈለግነው፣ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ምን ያደርጋል? በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ፍልፈል አድኖ የሚበላ፣ በጠዋት ለብቻው ሣሩ ላይ ጆሮውን ቀስሮ የሚቆም ፍጡር ነው። ከመኪና መስኮት ሊታይ ይችላል፤ የቱ ጋ ቆመን፣ ምን ያህል ርቀን፣ ድምፃችንን አጥፍተን እንደምናየው የሚያሳየን ግን የአካባቢው ሰው ነው። ኦሮምኛ የምትሰሙ ታውቁታላችሁ፣ ስሙ ጀዴላ ፈርዳ ነው፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ለመውለድ የደረሰች ባዝራን ተከትሎ ሲሄድ ስለሚታይ ነው ይላሉ። ይህንን ከመጽሐፍ ከማንበብና ፈረሱን እየሳበ ከሚሄድ ሰው አፍ ከመስማት የቱ ይበልጣል? በ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው የደጋ አጋዘንም ዲንሾ ዙሪያ ጽድና ኮሶ ሥር ይገኛል፤ ሳንቲሙ ከኪሳችን ጠፋ እንጂ አጋዘኑ አለ።

ሌላም ነገር አለ። ፓርኩ ባዶ መሬት አይደለም። በውስጡና በዙሪያው ከብት አርቢዎች ይኖራሉ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ጎዳንቱ በሚባለው የቆየ ሥርዓት ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ወደ ደጋው ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ፓርኩ ግጦሹ እንዲቀንስ ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ መኖር አለባቸው። ውሾቻቸው ከብት ይጠብቃሉ፤ ከውሾቹ ወደ ቀበሮዎቹ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ባሌ ላይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ጨርሷል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፣ እኛም አንፈታውም። ነገር ግን አንድ የዲንሾ ወጣት ከቀበሮው መኖር እንጀራ ካገኘ ቀበሮው ለእሱም ለቤቱም ትርጉም ይኖረዋል። ሃያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ያውም "ስለ አላህ ፍጥረት ልናስተነትን" ብለን የሄድን፣ ከዚያ ወጣት አጠገብ በነጻ አልፈን ብንሄድ ምን ይለናል? ስሜን ተራሮች ላይ ስካውት ሳይዙ በእግር መጓዝ አይቻልም፤ እኛም ያለ መንገድ አዋቂ መሄድ የለብንም።

ገንዘቡን በተመለከተ ረጅም ነገር የለንም። የአንድ አስጎብኚ የቀን ክፍያ ለሃያ ሰው ሲካፈል ለያንዳንዳችን የሚደርሰው ግቢ በር ላይ በሻይና በብስኩት የምንጨርሰውን ያህል ነው። ባነሩ ይቅር። ቲሸርት ማሳተም የሚለውም ይቅር። ከዚያ በኋላም ካልሞላ አንድ ቀን እንቀንስ እንጂ ሰውየውን አንቀንስ። ክፍያውንም ቀድመን ተስማምተን፣ ሥራው ባለቀበት ዕለት በእጁ እንስጠው፤ የተቀጣሪን ሐቅ ስለማዘግየት የተማርነውን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

የምናቀርበው ዕቅድ ይህ ነው። ከጉደር ጎህ ሲቀድ ተነስተን አዲስ አበባን በጠዋት እናልፋለን፤ ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳይመሽ ለመድረስ ከሱብሒ በኋላ የሚባክን ሰዓት የለም። ሌሊት መንገድ ላይ መሆን በዚህ ጊዜ አይመከርም፣ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ዲንሾ እናድራለን። በማግስቱ እዚያው ዙሪያ ከአስጎብኚው ጋር በዝግታ እንራመዳለን፣ አጋዘኖቹንም እናያለን። በሦስተኛው ቀን ዕቃችንን በፈረስ አስጭነን ወደ ወይብ ሸለቆ፣ ፊንጫ አበራ ፏፏቴ ድረስ በእግር እንሄዳለን። ሰነቴ በአራተኛው ቀን ይሆናል፤ በመኪና ወጥተን፣ ትንሽ ተራምደን፣ ራሱን ያመመው ካለ ሳናከራክር እንወርዳለን። ቱሉ ዲምቱ ከቀረች ትቅር።

ስለ ሶላት የተጠየቀውም አያስቸግርም። ሙሳፊር ነን፤ ማሳጠሩንና ማጣመሩን፣ በኹፍ ላይ ማበሱን ለሦስት ቀንና ሌሊት መጠቀሙን ኡስታዞቻችን ከጉዞው በፊት በአንድ ደርስ ያብራሩልን። በበጋ ሌሊት ሰነቴ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳልና ጥያቄው የምር ነው። ቂብላው ግን ቀላል ነው፤ ባሌ ተራሮች ከመካ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ቂብላው ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው። ኮምፓስ የያዘ ሰው አይከራከርም። ዉዱእ ስናደርግ ከጅረቱ ውኃ ቀድተን ራቅ እንበል፤ ሳሙና ወደ ጅረት አይግባ። ከእነዚያ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ዋቤ ሸበሌንና ገናሌን እየመገበ ሶማሊያ ድረስ የሚጠጣ ነው።

የእህቶች ጉዳይ "ለሚቀጥለው ዓመት" ተብሎ መታለፉን አልወደድነውም። መዋጮው ሲሰበሰብ ለሚቀጥለው ዓመት አልተባሉም። የማደሩና የመሕረሙን ነገር ኡስታዞች በግልጽ ይመልሱ፤ ደርሶ መልስ የሆነውን ግን አሁን ማድረግ ይቻላል። ከባሌ ሁለት ሳምንት በፊት ሁላችንም ወደ ወንጪ እንሂድ። ከአምቦ ቅርብ ነው፤ የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ማን ቶሎ እንደሚደክም እዚያው ይታያል። የአካባቢው ሰዎች በየተራ ፈረስ ያከራያሉ፣ መንገድም ይመራሉ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። የእህቶች ዘርፍ ይህንን ጉዞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱ ያቅደው። የጉደር ግብርና ልጆችም ስለ ሣሩና ስለ አፈሩ እዚያ ያስተምሩን፤ እኛ ከግፊትና ከሙቀት ሌላ የምናውቀው የለም።

ሹራው የመጨረሻውን ዝርዝር የሚያጸድቀው በመጪው ጁሙዓ ነው። ያች መስመር እንድትመለስ ድምፅ እንጠይቃለን። ለወንጪ የምትመጡ ደግሞ አዲስ ጫማ አትግዙ፤ ያላችሁን፣ እግራችሁ የለመደውን አድርጉ፣ ለንፋሱ አንድ ጃኬት ጨምሩ፣ ውኃ በየራሳችሁ ያዙ።