ገንዘብ ሆይ፣ ለማን ትጣፍጣለህ?

«መንግሥት ከገንዘብ ላይ እጁን ያንሳ፤ የግል ገንዘቦች ይወዳደሩና ሕዝቡ የተሻለውን ይምረጥ» የሚሉ ጓደኞች በርክተዋል። ሀየክ እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ኋላ ቢትኮይን ነፍስ ዘራበት። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ለሚል ሕዝብ ክርክሩ ይጥማል።

ኧረ ወገኖቼ፣ ይህን ውድድር እኮ አገራችን በገበያዋ አይታዋለች! ከአፋር ምድር ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው በንጉሥ አዋጅ ገንዘብ አልሆነም። ጠገራ ብርንም ያስመታው የባዕድ መንግሥት ቢሆን፣ እዚህ ያነገሠው ነጋዴው ነው። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ በክብደትም በጥራትም ከጠገራው እኩል ነበር ማለት ይቻላል። የንጉሡ መልክ አለበት፣ አንበሳም አለበት። ገበያው ግን ከሞተች መቶ ዓመት ያለፋትን ማርያ ቴሬዛን መረጠ። «አዋጅ ብቻውን ገንዘብ ይፈጥራል» የምትሉ፣ ይኸው መልሳችሁ።

ታዲያ አሸናፊው ለማን ጣፈጠ? አሞሌ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ሲሰበር ይረክሳል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል። አንድ ጠገራ ስንት አሞሌ እንደሚያወጣም እንደ አገሩና እንደ ወቅቱ ይለያይ ነበር። የሁለት ገበያ ዋጋ የሚያውቀው ነጋዴ በልዩነቱ ከበረ። እህሉን ተሸክሞ የመጣው ገበሬ ምን መረጠ? የሰጡትን ተቀብሎ ሄደ!

የመንግሥት ገንዘብ ንጹሕ ነው አላልኩም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ብር እንዴት እንዳሽቆለቆለ ደመወዝተኛ ወላጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ብር ሲረክስ «ለምን?» ብለን የምንጠይቀው ደጃፍ አለ፤ ብሔራዊ ባንክ ይባላል። አሞሌው ሲሟሟበት ገበሬው ማንን ከሰሰ? ቢትኮይን ሲወድቅስ የማንን ደጅ ልንጠና ነው?

«ደጃፉ ዝግ ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው እናንኳኳ! ምን ያህል ገንዘብ እንዳተመ፣ ለማንስ እንዳበደረ ይንገረን እንበል። ደጃፍ ወደሌለው ገበያ ሸሽቶ «ነጻ ወጣሁ» ማለት ግን፣ ንጉሡን ሽሮ ለባለሚዛኑ መገበር ነው።