መውደድና መከታተል



በመጽሔታችን ስለ ጊዜ አጠቃቀም፥ ስለ ንጽሕናና ስለ ትምህርት ጥቅም መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀውን፥ ነገር ግን ልናወራው የምናፍርበትን ነገር ላንሣ። ይኸውም ብቸኛ የሆነ ወጣት እርሱን የማትወደውን ልጅ ወዶ፥ መውደዱ ወደ ሕመም ሲለወጥበት ነው። አሳቤ አጭር ነው። ሳይወደዱ መውደድ ነውር አይደለም፤ እምቢታን አልቀበልም ብሎ መከታተል ግን ፍቅር ሊባል አይገባውም።

ይህን የምለው በራሴ ስለ ደረሰ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከገጠር መጥቼ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ቅዳሜ ስንቄን ከቤት አመጣለሁ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ በስሜ የሚጠራኝ መምህሩ ብቻ ነበር፤ እርሱም የተማሪ ስም ሲጠራ ነው። አንድ ቀን አንዲት የክፍሌ ልጅ ያመለጠኝን የሒሳብ ትምህርት እንድገለብጥ ደብተሯን አዋሰችኝና «አይዞህ፥ አትቸኩል» አለችኝ። እርሷ ለማንም የምታደርገውን ደግነት አደረገች፤ እኔ ግን ያችን አንዲት ቃል የፍቅር ቃል አድርጌ ወሰድኋት።

ከዚያ በኋላ የምትሄድበትን መንገድና የምትገባበትን ሰዓት አጠናሁ። ሌሊት እየተነሣሁ በስልኬ ፎቶግራፏን አያለሁ። ከሌላ ልጅ ጋር ስትሥቅ ካየሁ ያን ቀን እህል አልቀምስም። ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁላት። ለመጀመሪያው «እኔ እንደ ወንድሜ ነው የማይህ፥ ሌላ አሳብ የለኝም» ብላ በትሕትና መለሰችልኝ፤ ለቀሩት ዝም አለች። አንድ ጓደኛዬም «ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው፤ እንዳትተዋት» አለኝ። ምክሩ ጣመኝ።

ከትምህርት ቤታችን ወደ ሰፈሯ የሚወስደው አቋራጭ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እንደ ልማዴ በዚያ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ቀን ሳትመጣ ቀረች፤ በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሟን አስከትላ፥ ግማሽ ሰዓት በሚፈጀው በአስፋልቱ መንገድ ስትዞር አየኋት። ወደ ኋላዋ ዘወር እያለችም ትመለከት ነበር። እወዳታለሁ የምላት ልጅ እኔን ፈርታ መንገዷን ለወጠች! ያን ጊዜ በራሴ አፈርሁ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 13 የተጻፈውን የአምኖንን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። አምኖን የአባቱን ልጅ ትዕማርን ከመውደዱ የተነሣ ታመመ፤ ወዳጁ ኢዮናዳብም የሚያታልልበትን ዘዴ መከረው። እየለመነችው በግድ ደፈራት፤ ወዲያውም ጠልቷት ከቤቱ አስወጣት። ፍቅር ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ወዴት ሄደ? የወደደው የራሱን ምኞት ነበር እንጂ ትዕማርን አልነበረም።

በአገራችንም እንዲህ ያለው ምኞት ጠለፋ እስከ መሆን ደርሶ የስንት እኅቶቻችንን ትምህርት አቋርጧል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንዳያድነው ደነገገ። ሕጉ ተሻሻለ፤ «እምቢ ማለቷ እሺ ነው» የሚለው ንግግራችን ግን አብሮ አልተሻሻለም።

ምናልባት «ፍቅር ጽናት ይፈልጋል» የሚለኝ አይጠፋም። ጽናት በትምህርትና በሥራ ያስመሰግናል፤ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ሲሆን ግን ግፍ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፥ እኔም የዳንሁት በመናገሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ለታላቅ እኅቴ ሁሉን ነገርኋት። አልሣቀችብኝም። «ወንድሜ፥ የራበህ ሰው ነው እንጂ እርሷ አይደለችም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሬ ልጆች ጋር ኳስ መጫወትና ማታ አብሬ ማጥናት ጀመርሁ። ሕመሙ ባንድ ጊዜ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ በአጠገቤ ስታልፍ ልቤ ይመታል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፥ እምቢ ስትባሉ እምቢታውን አክብሩ፤ ለጓደኛችሁም ኢዮናዳብን አትሁኑ። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም ከኋላ ወንበር ብቻውን የሚቀመጠውን ልጅ ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደሚውል ጠይቁት።

ያች ልጅ ዘንድሮ በአቋራጩ መሄድ ጀምራለች። እኔ በአስፋልቱ እዞራለሁ።