በሶብላው በእስር፣ ዋጋው በደላላ እጅ

«ዓባይን ተሻግረን ቡሬ አጠገብ መሬት ብንይዝና ጣሊያኖች ለፓስታቸው የሚፈልጉትን ቅጠል ሁሉ ብናመርትስ?» ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ባለሀብቶች ዘንድ አዲስ አይደለም። ጠያቂዎቹም ምክንያት አላቸው። ከዝዋይና ከቆቃ አካባቢ እርሻዎች ትኩስ የቅመም ቅጠል በቦሌ በኩል ወደ አውሮፓ ሲጫን ዓመታት ተቆጥረዋል። ቡሬም ብትሆን በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቆላታል። በዚያው ዓመት ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም ተመርቋል። ታዲያ ጣሊያኖች ባዚሊኮ የሚሉት ቅጠልስ ለምን አይሆንም?

ይሆናል ባይ ነኝ። ትኩስ ሆኖ ግን አይሆንም።

ነገሩ የሒሳብ ነው። ቡሬ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይጓዛል፤ ባዚሊኮ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆንበት ይጠቁራል፣ ሲሞቀው ይጠወልጋል። ስለዚህ ከአበባ ጋር አብሮ አይጫንም፤ የራሱ ማቀዝቀዣ መኪና ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ጭነት ምን እንደሚሆን ደግሞ ለጎጃም መስመር ነጋዴ መንገር አያስፈልግም። በርበሬ ሳምንት ቢቆም ያው በርበሬ ነው። ትኩስ ቅጠል ግን ሁለት ቀን ከቆመ ለከብትም አይሆን። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከ10 ኪሎ ትኩስ ቅጠል 9 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ውኃ በአውሮፕላን ለመላክ ቡሬ ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

ባለሀብቱ ሩቅ ሲያማትር ያላየው እቃ ግን ጓሮ ውስጥ አለ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ከቤቱ ኋላ ፍግና አመድ በሚደፋበት መሬት ላይ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ይበቅላሉ። በሶብላ የባዚሊኮ ዘመድ ነው። የጥብስ ቅጠል ራሱ የጣሊያኑ ሮዝመሪ ነው። እኛ ከቡና ጋር የምንጠጣውን ጤና አዳምም ጣሊያኖች ግራፓ የሚባለው አረቄያቸው ውስጥ ይነክሩታል። (ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ሲወጣ የዘመዶቹን ጓሮ ጥሎ መሄዱን ያወቀ አይመስለኝም።)

ይህ ጓሮ የሴቶች ነው። የበቆሎውና የበርበሬው ገንዘብ በአባወራው እጅ ሲገባ፣ የጓሮው ሽያጭ ለጨው፣ ለጋዝና ለልጆች ደብተር ይውላል። ሽያጩ ደግሞ በእስር ነው። አንዷ እስር ከሌላዋ አትመሳሰልም፤ ጠዋት የተሸጠችበት ዋጋ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት የተረፈውን ይዛ አትመለስምና። ከፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥቶ መርካቶ በርበሬ ተራ እስኪደርስ ያ እስር ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል፣ ያንሳል። ትርፉ ያለው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በገመዱ ላይ ነው ብል ደላሎች ይቀየሙኛል።

አንድ ደላላ ስለዚሁ ጉዳይ ሲከራከረኝ፣ «በኪሎ ልግዛ ካልኩ እርጥቡን ከነግንዱ፣ ከነአፈሩ ያመጡልኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሚዛን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ገዢው አስቀድሞ እርጥበቱ ምን ያህል፣ ግንዱ ምን ያህል ብሎ ደረጃ ሊያወጣና ለደረቀው የተሻለ ዋጋ ሊከፍል ይገባል። ሻጯ ዛሬ የምታመጣው እንዲያ የሆነው እኮ በጥላ ሥር ላደረቀችውና በፀሐይ ላነደደችው የሚከፈላት አንድ ስለሆነ ነው።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ቡሬ፣ ወምበርማና ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ናቸው። በርበሬና ሽሮ በፋብሪካ እያሸጉ የሚሸጡ ድርጅቶች በሶብላና ኮሰረት ሳይገዙ አይውሉም። በርበሬ ለመግዛት የሚሄደው መኪና የደረቀውን ቅጠልም በአንድ ጉዞ ሊያነሣ ይችላል። የሚያስፈልገው ወጪ የሽቦ መደርደሪያ ያለው፣ ነፋስ የሚገባው የቆርቆሮ ዳስ፣ ንጹሕ ጆንያና ሚዛን ነው። የማድረቁ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ክረምቱ ሳይወጣ የተቆረጠ ቅጠል ሲከመር ይጠቁራል፣ ይሻግታል። በርበሬአችን መሬት ላይ እየደረቀ በሻጋታ መርዝ ምክንያት ስሙ እንደጎደፈ የሚያውቅ ነጋዴ ያንን ስሕተት በበሶብላው አይደግመውም። የአገር ውስጡን ገበያ በደረጃ ያረካ ሰው የደረቀ የጥብስ ቅጠል ወደ ውጭ ለመላክ ይበቃል፤ እሱ በመርከብ ቢሄድም አይበላሽም።

የጣሊያን ዘር አምጥቶ ለገበሬ ማደል ለሚያስብ ባለሀብት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያኖች ባዚሊኮን የሚፈልጉት ለቅጠሉ ነው፤ አበባው ብቅ ሲል ይቀጥፉታል። የጎጃም እመቤት ደግሞ አበባውን ነው የምትጠብቀው፤ የበርበሬዋ ሽታ ያለው እዚያ ነው። ሁለቱ ዘሮች ጎን ለጎን ካበቡ ንብ ልታዳቅላቸው ትችላለች፤ ጎጃም ደግሞ የንብ አገር ነው። ዘሩን የሚያድል ሰው ከበሶብላ ጓሮዎች ርቆ ይዝራ፤ አለዚያም አበባውን ሳይቀጥፍ አይደር።