ደሙ ከስሜን፣ ሒሳቡ ከባሕር ማዶ

ከጎንደር ተነስታችሁ፣ ዳባትን አልፋችሁ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ስትወርዱ ዛሪማን ታገኛላችሁ፤ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። የስሜን ተራራ ሰው ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ ይኖራል። ቋንቋው አንድ፣ አየሩ ለየቅል። ለዘረመል ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

እነ ሲንቲያ ቢል ይህን ካዩት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን ለክተው፣ ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም ባሕር ዳር ከሚኖር ሰው (ከተማዋን ማለቴ አይደለም) እንደማይለይ አገኙ። በ2012 ሌላ ጥናት ጂኑን ፍለጋ ገባ። የቲቤት ደገኞችን ሄሞግሎቢን የሚወስኑት የዘረመል ልዩነቶች እኛ ጋ ሥራ የላቸውም። በአማራው ናሙና ከሄሞግሎቢን ጋር የተያያዘ ሌላ ልዩነት ተገኘ፤ ለኦክስጅኑ ግን ምንም።

"አልተገኘም" ማለት ግን "የለም" ማለት አይደለም። ተመራማሪው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዘረመል ነጥቦችን አንድ በአንድ ስለሚፈትሽ፣ አጋጣሚ እንዳያታልለው ወንፊቱን እጅግ ያጠብበዋል። ጥቂት ሰው ይዞ ያንን ማለፍ ጭንቅ ነው። እንግሊዞች ለዩኬ ባዮባንክ ግማሽ ሚሊዮን ሰው መዝግበዋል። በ2019 በወጣ አንድ ግምገማ መሠረት በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ የአፍሪካ 2 በመቶ ብቻ።

ታዲያ ናሙናው ትንሽ የሆነበት ምን ያድርግ? አንዱ መላ ተያያዥ የጤና መለኪያዎችን አብሮ መፈተሽ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳርና ውፍረት አብረው ቡና የሚጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ወሬውን አንዷ ብቻ ብትነግራችሁ ትጠራጠራላችሁ፤ ሦስቱም ቢሉት ጆሮ ትሰጣላችሁ። ግን ቡናው ላይ ተሰምቶ የተዛመተ ከሆነ ሦስት ምስክር ሳይሆን አንድ ነው። አዲሶቹ የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ይህን ያሰላሉ፦ መለኪያዎቹ ምን ያህል እንደሚዛመዱ አስቀድመው ለክተው፣ የተደጋገመውን ቀንሰው፣ በእያንዳንዱ ደካማ የነበረውን ምልክት አንድ ላይ ያጠናክራሉ። ውጤቱ "ይህ ጂን ከነዚህ ነገሮች ጋር ንክኪ አለው" ይላል እንጂ "መንስኤው ይህ ነው" አይልም። ጋዜጠኞች ሆይ፣ ርዕስ ስታወጡ ተጠንቀቁ።

"ለመድኃኒት ሳይኖረን ስለ ጂን?" የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ዘረመል ማንበብ ውድ ስለሆነ ነው ከአንድ ሰው ደም የሚቻለውን ሁሉ መረዳት ያለብን። ግፊት መለካት፣ መመዘን፣ ስኳር ማየት ጤና ጣቢያም የሚሠራው ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ኮምፒውተርና ሒሳብ የገባው ወጣት ነው።

በሁለቱም ጥናቶች ላይ አምሃ ገብረመድህን የሚል የኢትዮጵያዊ ስም አለ፤ ደስ ይላል። ግን አንድ ስም አይበቃም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ማሠልጠኛነት የተጀመረ ነው፤ ዳባት ላይ ደግሞ በ1996 የተቋቋመ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። የስታቲስቲክሱ ተማሪና የሕክምናው ተማሪ በአንድ ጥያቄ ላይ አብረው ይቀመጡ። የቲቤት መልስ ለስሜን እንዳልሠራ አይተናል። የራሳችንን መልስ ራሳችን ካላሰላነው፣ የሚደርሰን ለሌላ ሰው የተለካ ልብስ ነው።